ሙሉ ውጤት ለምን አይበቃም? መራጭ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ የሚመለከቱት

በአገራችን አንድ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ ለሁሉም የታወቀ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና ይቀመጣል፤ ውጤቱ በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ከማለፊያው ነጥብ በላይ ከሆነ ይገባል፣ በታች ከሆነ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ ያንን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አንባቢው ያስታውሳል። ሥርዓቱ ከባድ ቢሆንም ለመረዳት ቀላል ነው፤ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይመዘናልና።

ከዚህ ሥርዓት የወጣ ተማሪ በአሜሪካ ወደሚገኙ ታዋቂ ኮሌጆች ሲያመለክት ግን ግራ ይጋባል። ከክፍሉ አንደኛ የሆነው ተማሪ «ልንቀበልህ ባለመቻላችን እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሦስተኛ የሆነችው ጓደኛው ሙሉ የትምህርት ወጪዋ ተሸፍኖላት ትሄዳለች። አንዳንዱ «ፍትሕ ጎደለ» ይላል፤ ሌላው «ምሥጢር አለው» ብሎ ምሥጢሩን እሸጣለሁ ለሚል ደላላ ገንዘቡን ይከፍላል። ያልተመረጠው ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የከፋውን ድምዳሜ ይይዛል፤ «ብቁ አይደለሁም ማለት ነው» ይላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ይህ የመጨረሻው ድምዳሜ ከማስረጃው የማይከተል መሆኑን ነው። የመራጭ ኮሌጅ ውሳኔ በአንድነት የተቀላቀሉ ሦስት ነገሮች ውጤት ነው። እነርሱም የተማሪው ዝግጅት፣ የኮሌጁ የራሱ ፍላጎትና አጋጣሚ ናቸው። ሦስቱን ለይቶ ማየት የሚችል ተማሪ በእጁ ያለውን ከእጁ ውጭ ካለው ይለያል።

1. በቂና አስፈላጊ

በቅድሚያ «መራጭ ኮሌጅ» የምንለውን እንወስን። በአሜሪካ ካሉት የአራት ዓመት ኮሌጆች አብዛኞቹ ከአመልካቾቻቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይቀበላሉ። ጽሑፋችን የሚመለከተው ከመቶ አመልካች ከአሥር ያነሰ የሚቀበሉትን ጥቂቶቹን ነው። ለምሳሌ ሃርቫርድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ54,008 አመልካቾች የተቀበለው 1,937ቱን ነበር። ይህም 3.6 በመቶ ያህል ነው።

ይህ ኮሌጅ በፍርድ ቤት በተከሰሰበት ጊዜ ከወትሮው የሚሰወሩ ብዙ ቁጥሮች ለሕዝብ ይፋ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ትምህርት ለመጀመር ካመለከቱት 26,000 ያህል የአገሪቱ ተማሪዎች መካከል ከ8,000 በላይ የሚሆኑት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው ፍጹም አማካይ ውጤት ነበራቸው። ኤስ.ኤ.ቲ. በሚባለው የመግቢያ ፈተና 3,400 ያህሉ በሒሳብ፣ 2,700 ያህሉ ደግሞ በቋንቋ ሙሉ ነጥብ አግኝተው ነበር። ኮሌጁ ሊቀበል የሚችለው ግን ወደ 2,000 ገደማ ብቻ ነበር።

እስቲ እናስላ። ኮሌጁ ሁሉንም ቦታ ፍጹም አማካይ ውጤት ላላቸው ብቻ ቢሰጥ እንኳ ከ8,000ዎቹ 2,000ው ገብተው 6,000 ይቀራሉ። ማለትም ፍጹም ውጤት ካላቸው ከአራቱ ሦስቱ ይመለሳሉ። በሎጂክ ትምህርት «አስፈላጊ» እና «በቂ» በሚባሉ ሁኔታዎች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ዘር ለመብቀል ውኃ ያስፈልገዋል፤ ውኃ ብቻውን ግን አያበቅለውም። እንደዚሁም ጠንካራ የትምህርት ውጤት ለአብዛኛው አመልካች አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። አመልካቹን ከደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ በሩን አይከፍትለትም። ከደጃፉ ላይ ከቦታው ቁጥር በላይ ሰው ሲቆም ኮሌጁ ሌላ መለያ መፈለጉ የግድ ነው።

2. የሁለት ሚዛኖች ታሪክ

ይህ «ሌላ መለያ» ከየት መጣ? በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ታዋቂዎቹ ኮሌጆች በአመዛኙ በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይቀበሉ ነበር። ፈተናውን ያለፈ ይገባ ስለነበር ከስደተኛ ቤተሰቦች የተወለዱ አይሁዳውያን ተማሪዎች ቁጥር እያደገ ሄደ። በሃርቫርድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ ገቢዎች ከ20 በመቶ በላይ ደርሰው ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎረንስ ሎዌል እ.ኤ.አ. በ1922 ቁጥራቸው በኮታ እንዲገደብ ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ ኮታ ተቀባይነት ባያገኝም በ1926 የገቢዎች ቁጥር እንዲወሰንና «ጠባይና ተስማሚነት» የመምረጫ መስፈርት እንዲሆኑ ተደረገ። የአይሁዳውያኑም ድርሻ ወዲያውኑ አሽቆለቆለ። ዛሬ በበጎ ጎኑ የምናውቀው የአመልካችን ጠባይ የማየት ልማድ እንዲህ ያለ ጨለማ መነሻ አለው።

የቁጥሩም ሚዛን ከነቀፋ የጸዳ አይደለም። ኤስ.ኤ.ቲ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሰኔ ወር እ.ኤ.አ. 1926 ለ8,000 ያህል ተማሪዎች ሲሰጥ ያዘጋጁት የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ብሪገም ነበሩ። ብሪገም በ1923 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘሮችን በአእምሮ ችሎታ አበላልጠው ነበር፤ በ1930 ግን መደምደሚያቸው መሠረት የሌለው መሆኑን ራሳቸው በጽሑፍ አምነዋል። በሌላ በኩል በ1933 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄምስ ኮናንት ይኸንኑ ፈተና ከታወቁት የምሥራቅ ጠረፍ ትምህርት ቤቶች ውጭ ያሉ ጎበዝ ተማሪዎችን ፈልጎ ለማግኘት ተጠቀሙበት። አንዱ መሣሪያ ለመዝጊያም ለመክፈቻም ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ጥያቄው «ቁጥር ይሻላል ወይስ የሰው ፍርድ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ማን፣ ለምን ዓላማ ይጠቀምበታል?» የሚል ጭምር ነው።

3. ማመልከቻው እንዴት ይነበባል?

ዛሬ የአንድ አመልካች ዶሴ የሚይዘው የትምህርት ማስረጃውን፣ የፈተና ውጤቱን፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤዎችን፣ በራሱ የተጻፈ ድርሰትን፣ ከክፍል ውጭ ያደረጋቸውን ነገሮች ዝርዝርና አንዳንድ ጊዜም የቃለ መጠይቅ ዘገባን ነው። በፍርድ ቤት በቀረበው ማስረጃ መሠረት በሃርቫርድ አንባቢዎቹ ለእያንዳንዱ አመልካች በአራት ዋና ዋና ረድፎች ደረጃ ይሰጣሉ። እነዚህም ትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ያለ ተሳትፎ፣ ስፖርትና የግል ባሕርይ ናቸው። ለድጋፍ ደብዳቤዎችና ለቃለ መጠይቁም እንዲሁ ደረጃ ይሰጣል። ከዚያም 40 ያህል አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰብስቦ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። ደረጃዎቹ ተደምረው በቀጥታ ውሳኔ የሚሰጡበት ቀመር የለም።

ከነዚህ ሁሉ በአብዛኛዎቹ ኮሌጆች ቀድሞ የሚታየው የትምህርት ማስረጃው ነው። አንባቢው የሚጠይቀው ግን «ስንት አገኘ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ትምህርት ቤቱ ከሚሰጣቸው ትምህርቶች ከባዶቹን ወስዷል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ማንኛውም ተማሪ፣ የሚያጠናው ኢኮኖሚክስም ሆነ ሙዚቃ፣ ሁለት ሴሚስተር ካልኩለስና ሁለት ሴሚስተር ፊዚክስ መውሰድ ግዴታው ነው። ስለዚህ ተቋሙ በሒሳብ ያልተዘጋጀን ተማሪ ቢቀበል የሚጎዳው ተማሪውን ነው።

ሁለተኛው ነገር አውድ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማሪው ማስረጃ ጋር ስለ ራሱ መግለጫ ይልካል። ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ተማሪ ቤተ ሙከራ ባለመጠቀሙ አይቀጣም፤ የሚመዘነው ባለው ነገር ምን ሠራበት በሚለው ነው። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ይህንን ሐሳብ በሕግ ደረጃ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ ከየትኛውም የክፍለ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍላቸው ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ ሆነው የጨረሱ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገቡ ተፈቅዷል። አመልካቾች ስለበዙበት በኦስቲን የሚገኘው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ከጊዜ በኋላ መቶኛውን ዝቅ እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል።

ሦስተኛው ከክፍል ውጭ ያለው ተሳትፎ ሲሆን ከሁሉም ይልቅ በተሳሳተ መንገድ የሚተረጎመውም ይኸው ነው። ብዙ ተማሪዎች የአሥር ክበባት አባል መሆን አንድን ሥራ ለዓመታት ይዞ ከመግፋት የሚበልጥ ይመስላቸዋል። የሃርቫርድ የትምህርት ምሩቃን ትምህርት ቤት በ2016 ያሳተመውና በርካታ የኮሌጅ ቅበላ ኃላፊዎች የደገፉት ዘገባ ግን ከዝርዝሩ ርዝመት ይልቅ ለጥልቀት ዋጋ እንዲሰጥ አሳስቧል። ታናናሾቹን እያሳደገ ወይም ቤተሰቡን ለመርዳት እየሠራ የሚማር ወጣት ድካሙ እንደ ሌሎቹ ተሳትፎዎች ሁሉ እንዲቆጠርለትም ጠይቋል። ከሰዓት በኋላ በወላጆቹ ሱቅ የሚቆም ተማሪ ይህንን ከማመልከቻው ላይ መሰረዙ ስሕተት ነው።

ድርሰቱና የድጋፍ ደብዳቤው የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው። ቁጥሩ ምን እንደተገኘ ይናገራል፤ ጽሑፉ እንዴት እንደተገኘ ያስረዳል። «ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማንኛውም ተማሪ ሊጻፍ ስለሚችል ምንም መረጃ አይሰጥም። «የኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርት ስንጀምር መሣሪያ ስላልነበረን ከአሮጌ ራዲዮ ፈትቶ አመጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ተማሪውን ከሌሎች ይለየዋል።

4. የኮሌጁ የራሱ ፍላጎት

እስካሁን ያየነው ስለ ተማሪው ነው። ኮሌጁ ግን ተማሪዎችን አንድ በአንድ ብቻ አይመርጥም፤ አንድ ሙሉ ክፍል ያዋቅራል። የሙዚቃ ቡድኑ ዋሽንት ነፊ ያስፈልገዋል፤ የፊዚክስ ክፍሉ ተማሪ ይሻል፤ የቀዘፋ ቡድኑም አባላት ይፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ በርካታ የግል ኮሌጆች ለቀድሞ ተመራቂዎቻቸው ልጆች ቅድሚያ ይሰጣሉ።

የዚህን ክብደት የሚያሳይ ቁጥር በዚያው የፍርድ ቤት መዝገብ ይገኛል። የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ የተመራቂዎች ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ እንዲሁም ለጋሾችን የመሳሰሉ ሰዎች ልጆች የሚገኙበት በዲኑ ልዩ ዝርዝር የተያዙ አመልካቾች በአንድነት ከጠቅላላው አመልካች ከ5 በመቶ ያንሱ ነበር፤ ከተቀበሏቸው ውስጥ ግን 30 በመቶ ያህል ነበሩ። ቼቲ፣ ደሚንግና ፍሪድማን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ጥናት ደግሞ በ12 ታዋቂ ኮሌጆች ላይ ያተኮረ ነው። በጥናቱ መሠረት ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው ተማሪዎች መካከል ከአገሪቱ 1 በመቶ ባለጸጎች ቤተሰብ የመጡት ወደነዚህ ኮሌጆች የመግባት ዕድላቸው ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ከመጡት በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ምክንያቶቹ በአብዛኛው ለተመራቂ ልጆች የሚሰጠው ቅድሚያ፣ የስፖርት ምልመላና ትምህርት ነክ ላልሆኑ መስፈርቶች የሚሰጠው ክብደት ነበሩ። ውድ የስፖርት ሥልጠናና የግል አማካሪ በገንዘብ የሚገዙ በመሆናቸው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ አሠራር ከለውጥ የራቀ አይደለም። የማሳቹሴትስና የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋማት ለተመራቂ ልጆች ቅድሚያ አይሰጡም፤ አምኸርስት ኮሌጅም በ2021 ልማዱን አቁሟል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ ወር 2023 በሰጠው ውሳኔ ኮሌጆች የአመልካችን ዘር ራሱን እንደ መስፈርት እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በድርሰቱ መግለጽ ግን አልተከለከለም።

5. ፈተና ይተነብያልን?

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አብዛኞቹ ኮሌጆች የመግቢያ ፈተናውን ግዴታ መሆኑን አንሥተው ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ፈተናውን ለቅበላ መጠቀሙን ጨርሶ ተወው። ይሁንና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ሃርቫርድና የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በ2024 ግዴታውን እንደሚመልሱ አስታወቁ። የዳርትመዝ ጥናት ያሳየው አስተማሪ ነው። ከችግረኛ ትምህርት ቤቶች የመጡ አንዳንድ ተማሪዎች ውጤታቸው ዝቅተኛ መስሏቸው ደብቀውት ነበር፤ ቢያቀርቡት ግን ከአውዳቸው ጋር ታይቶ ይጠቅማቸው ነበር።

«በኮሌጁ ውስጥ ስናየው ፈተናውና የኮሌጅ ውጤቱ ብዙም አይዛመዱም፤ ስለዚህ ፈተናው ዋጋ የለውም» የሚል ክርክር በየጊዜው ይሰማል። ክርክሩ የሚስበውን ስሕተት ከሩጫ እንማር። በረጅም ርቀት ሩጫ ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን እጅግ ወሳኝ ነው። ነገር ግን በዓለም ሻምፒዮና የፍጻሜ ውድድር ላይ የተሰለፉትን ብቻ ብንለካ ይህ መጠን ማን እንደሚያሸንፍ በደንብ አይነግረንም። ምክንያቱም ዝቅተኛ መጠን ያላቸው አስቀድመው ተጣርተው ቀርተዋል፤ በቀሩት መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በስታቲስቲክስ ይህ የስፋት መገደብ ይባላል። መስፈርቱ ሥራውን ስለሠራ፣ ከምርጫው በኋላ ሲታይ ሥራ የሌለው ይመስላል።

6. የተመረጡትን ብቻ ማየት የሚያመጣው ስሕተት

ከዚህ የበለጠ ረቂቅ ስሕተት አለ። አሜሪካዊው ሐኪምና የስታቲስቲክስ ምሁር ጆሴፍ በርክሰን እ.ኤ.አ. በ1946 በሆስፒታል ሕሙማን መረጃ ላይ ያሳዩት ነው። ወደ ርዕሳችን አምጥተን በቀላል ምሳሌ እንየው።

1,000 አመልካቾች አሉ እንበል። ከነዚህ 200ው በሒሳብ ብርቱ ናቸው፤ 200ው ደግሞ በሙዚቃ ብርቱ ናቸው። ሁለቱ ችሎታዎች ምንም ግንኙነት የላቸውም እንበል። እንግዲያው ከ200ዎቹ የሒሳብ ብርቱዎች 20 በመቶው፣ ማለትም 40ው፣ በሙዚቃም ብርቱ ይሆናሉ። ስለዚህ በሁለቱም ብርቱ 40፣ በሒሳብ ብቻ 160፣ በሙዚቃ ብቻ 160፣ በአንዱም ያልሆኑ 640 ይሆናሉ። ኮሌጁ ቢያንስ በአንዱ ብርቱ የሆነውን ሁሉ ቢቀበል 360 ይገባሉ።

አሁን ወደ ግቢው ገብተን የገቡትን ብቻ እንቁጠር። በሒሳብ ብርቱ ከሆኑት 200 ውስጥ ሙዚቀኞቹ 40 ወይም 20 በመቶ ናቸው። በሒሳብ ብርቱ ካልሆኑት 160 ውስጥ ግን ሙዚቀኞቹ 160፣ ማለትም 100 በመቶ ናቸው። የሚያይ ሰው «ሙዚቃ ሒሳብን ያዳክማል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ግንኙነቱን የፈጠረው ግን ተፈጥሮ ሳይሆን የመግቢያው በር ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ «እገሌ ዋሽንት ስለሚነፋ ገባ፤ እኔም ዋሽንት ልማር» ማለት ትርጉም የለውም፤ ዋሽንት እየነፉ ያልገቡትን አላየንምና። ሁለተኛ፣ ከተመረጡት መካከል በአንድ ረድፍ ዝቅ ያለ ሰው ስናይ «ያለ አግባብ ገባ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት በሌላ ረድፍ ምን እንደነበረው መጠየቅ ይገባናል።

7. አጋጣሚ

ማንኛውም መለኪያ ስሕተት አለው። በኤስ.ኤ.ቲ. ያው ተማሪ ፈተናውን ደግሞ ቢወስድ በእያንዳንዱ ክፍል ውጤቱ ከ30 እስከ 40 ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል አዘጋጆቹ ራሳቸው ያስረዳሉ። በጠዋት የተነበበ ድርሰትና በድካም ሰዓት የተነበበ ድርሰትም እኩል ላይዳኙ ይችላሉ። በደጃፉ ላይ እጅግ የተቀራረቡ ብዙ ሺህ ሰዎች ሲቆሙ እነዚህ ትናንሽ ነገሮች የመጨረሻውን መስመር ይወስናሉ።

ስለዚህም የፍልስፍና መምህሩ ማይክል ሳንዴል እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ብቁ የሆኑት ከተለዩ በኋላ የቀረው በዕጣ ይወሰን የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በኔዘርላንድስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ከፍተኛ ውጤት ላለው የተሻለ ዕድል በሚሰጥ ዕጣ ይቀበሉ ነበር። ዕጣ ቢያንስ አንድ ሐቅ ይናገራል፤ ያልደረሰው ሰው ያነሰ ሰው አለመሆኑን።

8. ለአገራችን አመልካች

ከላይ ከተባለው ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦችን እናውጣ።

ሀ. ከባዱን ትምህርት አትሽሹ። በተለይ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ዝግጅት በኮሚቴው ፊት ብቻ ሳይሆን ከገቡም በኋላ የሚያስፈልግ ነው።

ለ. አውዳችሁን አስረዱ። የትምህርት ቤታችሁን የክፍል ተማሪ ብዛት፣ የሚሰጡትንና የማይሰጡትን ትምህርቶች ርእሰ መምህሩ በመግለጫው እንዲያሰፍሩ በትሕትና ጠይቁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉትን መምህር ዘግይታችሁ አታጣድፉ፤ ምሳሌ እንዲጠቅሱ ጊዜ ስጧቸው።

ሐ. የገንዘብ ፖሊሲውን ቀድማችሁ እወቁ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና አምኸርስት ለውጭ አገር አመልካቾችም ጭምር የመክፈል አቅምን ከምርጫው ውጭ አድርገው ይወስናሉ፤ ለተቀበሉትም የሚያስፈልገውን ሙሉ ድጋፍ ያደርጋሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆች ግን አቅም ማነስን እንደ አንድ ምክንያት ይቆጥራሉ። ለማመልከቻው ክፍያ ይቅርታ መጠየቅም ይቻላል።

መ. ኮሌጆቹ የሚያትሙትን አንብቡ። አብዛኞቹ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ቅጽ የትኛውን መስፈርት «እጅግ አስፈላጊ»፣ የትኛውን «ከግምት የሚገባ» እንደሚሉት በሰንጠረዥ ያወጣሉ። ይህ ሰንጠረዥ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ «ምሥጢሩን አውቃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ድርሰትን በሌላ ሰው ማጻፍም ሐሰት ነው፤ ሲታወቅ ቅበላውን ያሰርዛል።

ሠ. ለአንድ በር ብቻ አትኑሩ። ዴልና ክሩገር የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በመራጭ ኮሌጅ ተቀባይነት አግኝተው ሳለ ያነሰ መራጭ ወደሆነ ኮሌጅ የሄዱ ተማሪዎች በኋላ ያገኙት ገቢ በአማካይ ከሌሎቹ እምብዛም የተለየ እንዳልነበር አሳይተዋል። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ግን መራጩ ኮሌጅ ጠቅሟቸዋል። ቼቲና ባልደረቦቹም በ2023 ታዋቂዎቹ ኮሌጆች አማካይ ገቢን ብዙም ባይለውጡም ወደ ከፍተኛው ገቢ እርከን የመድረስን ዕድል እንደሚጨምሩ አግኝተዋል። እንግዲህ በሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ወጣት ይዞት የሚሄደው ችሎታና ትጋት ከበሩ ስም ጋር አብሮ አይዘጋበትም።

መደምደሚያ

ጥሩ ሳይንቲስት አንድን ውጤት ሲያይ «ይህ ቁጥር በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የቅበላ ደብዳቤም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል። በውስጡ የተማሪው ዝግጅት አለ፤ የኮሌጁ የዚያ ዓመት ፍላጎት አለ፤ የቤተሰብ ሀብትና አጋጣሚም አለ። ከነዚህ በተማሪው እጅ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ኮሌጁ «አዎ» ቢልም «አይሆንም» ቢልም ከተማሪው ጋር ይኖራል። የመጣው መልስ «አይሆንም» ከሆነ ከዚያ ደብዳቤ በእርግጠኝነት ማንበብ የሚቻለው በዚያ ዓመት፣ በዚያ ኮሌጅ፣ ቦታ አለመገኘቱን ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር በደብዳቤው ላይ አልተጻፈም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንዲት ተማሪ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ የመቀበል ዕድል ወደሚሰጧት 5 ኮሌጆች ብታመለክትና ውሳኔዎቹ እርስ በርስ ባይገናኙ፣ ቢያንስ በአንዱ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሏ ስንት ነው? በእውነቱ ዓለም ውሳኔዎቹ አይገናኙም ማለት ይቻላልን?

2. በክፍል 6 ምሳሌ የሒሳብም የሙዚቃም ብርቱዎች 300 ቢሆኑ የሚገቡት ስንት ይሆናሉ? የተሳሳተው ግንኙነት አሁንም ይታያልን?

መልስ፡- 1. በሁሉም ያለመቀበሏ ዕድል 0.9 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.59 ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድሏ 41 በመቶ ያህል ነው። ሆኖም ሁሉም የሚያነቡት ያንኑ ዶሴ ስለሆነ ውሳኔዎቹ ይገናኛሉ፤ ስሌቱ ትክክለኛውን ዕድል አይሰጥም። 2. በሁለቱም ብርቱ የሆኑት 90፣ በአንዱ ብቻ ብርቱ የሆኑት በየረድፉ 210 ስለሚሆኑ በጠቅላላው 510 ይገባሉ። ከገቡት መካከል በሒሳብ ብርቱ ከሆኑት ሙዚቀኞቹ 30 በመቶ፣ ብርቱ ካልሆኑት ደግሞ 100 በመቶ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የተሳሳተው ግንኙነት አሁንም ይታያል።